ዘመድ የማይደብቁት ሰው

የጋሽ ሱጌቦን ሞት የሰማሁት ከማዘጋጃ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ሰው ሰሌዳው ሥር ተሰብስቦ አየሁና የደረጃ ዕድገት የወጣ መስሎኝ ተጋፍቼ ገባሁ። «የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን አቶ ሱጌቦ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። ወረቀቱ ሁለት የፊደል ስሕተት አለበት፤ ማኅተሙም ተገልብጦ ነው የተመታው። እሳቸው ቢኖሩ ያንን ወረቀት ነቅለው፣ በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ለጻፈው ሰው መልሰው «የሞተ ሰው ይከበራል፤ እንደገና ጻፈው» ይሉ ነበር። ይህ ሲታየኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እንባዬ መጣና ሰው እንዳያየኝ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ።

ቀብራቸው ላይ ብዙ ተባለ። ቅን ነበሩ፣ እውነተኛ ነበሩ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ነበሩ ተባለ። ፓስተሩ ስለ ሐቀኝነታቸው ሲናገር ግማሹ ሰው አንገቱን ደፋ። ለምን እንደደፋ የምናውቅ እናውቃለን። እኔም ከደፉት አንዷ ነበርኩ። እውነተኛ ናቸው የሚለው ውሸት ስለሆነ አይደለም። እውነቱ ምን እንዳስከፈለ ስለምናውቅ ነው።

ጋሽ ሱጌቦ ሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ደብዳቤ ጽፈዋል። ስንት ከንቲባ መጣ፣ ስንት ከንቲባ ሄደ፤ የሁሉንም ደብዳቤ የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኔ እንግሊዝኛ አስተርጓሚ ሆኜ ስቀጠር ጢማቸው ሸብቶ ነበር። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ጉራጌ ነው፤ የመንግሥት ሥራ የሰነፍ መሸሸጊያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አባቴ መሳሳቱን አወቅሁ። ለውሃ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ አንድ ደብዳቤ ጽፌ አቀረብኩላቸው። ገጽታውን እንኳ አላዩትም።

«ሰሚራ፣ ልጄ፣ ይሄ ደብዳቤ ማንን ነው የሚያናግረው?»

«የውሃ ጽሕፈት ቤቱን ነዋ ጋሼ።»

«ቤት አይሰማም። እዚያ ማን አለ?»

«እኔ እንጃ። ኃላፊው ይኖራል።»

«ስሙን የማታውቂውን ሰው እንዴት ነው የምታናግሪው? ሂጂና ማን እንደሆነ፣ ልጆቹ ደኅና እንደሆኑ ጠይቀሽ ነዪ።»

በፀሐይ በእግሬ ሄጄ ጠይቄ መጣሁ። የኃላፊው ልጅ ታሞ ነበር። ደብዳቤው ላይ ስለ ቧንቧው ከመጻፋችን በፊት «ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። ቧንቧው በሦስተኛው ቀን ተጠገነ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም፤ ግን ይሠራ ነበር።

ደብዳቤ ሊፈርሙ ሲሉ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱ ላይ ያስቀምጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባለጉዳይ ቆሞም ቢሆን፣ ከንቲባ እየጠበቀም ቢሆን ያቺን ደቂቃ አይተዋትም። ጸሎት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለቆሻሻ ገንዳ ግዢም ይጸለያል?» ብዬ ስቀልድባቸው «ወረቀት አይሞትም፤ የሚሞተው ሰው ነው። ከእኔ በኋላ ማን እንደሚያነበው አላውቅም» አሉኝ። እንደ ቀልድ አልፌው ነበር።

ሐቀኝነታቸው አንዳንዴ ያናድዳል። ወንድማቸው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ጉዳዩ ማዘጋጃ ቤት ሲመጣ ጋሽ ሱጌቦ የድሮውን ፕላን ከመዝገብ ቤት አውጥተው፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ወንድማቸው ሦስት ሜትር ገፍቶ መግባቱን ራሳቸው መሰከሩ። ማንም አልጠየቃቸውም። ፕላኑ መኖሩንም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወንድማቸው ለዓመታት አኮረፋቸው። ነገር ግን በሀዲያ ወንዶቹ ለመስቀል በሬ በጋራ የሚገዙበት ቱታ የሚባል ማኅበር አለ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች እዚያው ማኅበር ውስጥ ነበሩ። በየዓመቱ ሥጋው ሲከፋፈል ጋሽ ሱጌቦ የወንድማቸውን ድርሻ ራሳቸው ተሸክመው ደጁ ላይ አድርሰው ይመለሳሉ። ሰላም አይባባሉም። «መጣላት ሌላ፣ ድርሻ ሌላ» ይሉ ነበር። «የተጣላኸውን ሰው ከቱታ ካስወጣህ ነገ ሁሉም ሰው ለብቻው በሬ ሊገዛ ነው። ማን ይችላል?»

የቻይናዋን ከተማ ጉዳይም የያዙት በዚህ መንፈስ ነበር። ስሟን በአማርኛ ለመጻፍ ያስቸገረችን አንዲት የቻይና ከተማ ከብዙ ዓመት በፊት ከሆሳዕና ጋር የእህትማማችነት ስምምነት ፈርማለች። ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ላይ በፀሐይ የሚሠሩ መብራቶች ሰጥታናለች፤ አብዛኞቹ ጠፍተዋል፣ ጥፋቱ ባትሪውን የሚነቅሉት የእኛው ሰዎች ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልነበረም። በየዓመቱ አንድ የግድግዳ ካላንደር ይመጣል፤ ከጋሽ ሱጌቦ ደግሞ የአዲስ ዓመት የደስታ መግለጫ ይሄዳል። እዚያ ሆና የምትጽፍልን ወይዘሪት ሊን የምትባል ሴት ነበረች። እኔ ስተረጉም ሰላምታው በዝቶብኝ ሳሳጥረው ጋሽ ሱጌቦ ይቆጣሉ፤ የእናቷን ጉልበት ሕመም ጠይቂያት፣ የእኛ ዝናብ ዘንድሮ ጥሩ ነው በያት ይሉኛል። እኔ እጽፋለሁ። ሊን ትመልሳለች። አይተዋወቁም፤ ግን ቤተሰብ ሆነዋል።

ባለቤታቸው እትዬ አበበች ኩላሊታቸውን የታመሙት በዚያ ጊዜ ነው። የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን በቅርብ አልነበረም። ሰኞና ሐሙስ ሲነጋጋ ባልና ሚስቱ መናኸሪያ ናቸው፤ አዲስ አበባ ደርሰው፣ ታጥበው፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። ገና ሳያገግሙ ሐሙስ ይደርሳል። ጋሽ ሱጌቦ የዓመት ፈቃዳቸውን ጨረሱ፣ ከዚያ የሕመም ፈቃድ፣ ከዚያ ያለ ደመወዝ ፈቃድ። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ከአውቶቡስ ወርደው ቀጥታ ቢሮ ይመጡና የተከማቸውን ደብዳቤ ያያሉ። ሸሚዛቸው የመንገዱን አቧራ እንደያዘ ነው።

በዚያው አውቶቡስ ላይ አቶ ሐንዲሶ የሚባሉ የሞርሲቶ ገበሬ ልጃቸውን አስቴርን ይዘው ይሄዱ ነበር። አስቴር አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የእሷም ያው ሕመም ነው። አራቱ አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ አበበች ልጅቷን ትከሻቸው ላይ ያስተኛሉ፤ ወንዶቹ ስለ እንሰት በሽታ ያወራሉ። ረዳቱ «የኩላሊት ወንበር» እያለ ቦታቸውን ይይዝላቸዋል። ጋሽ ሱጌቦ ይህንን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ተስፋ መጣ። የከተማችን ተወላጅ የሆነ፣ አሜሪካ የሚሠራ አንድ ሐኪም ለከንቲባው ደወለ። እሱ የሚኖርበት ከተማ ሆስፒታል አራት የኩላሊት ማጠቢያ ማሽኖች ሊያስወግድ ነው፤ ደኅና ማሽኖች ናቸው፤ የሚያሠለጥን ሰውም አብሮ ይልካል። ሆስፒታሉ የሕዝብ ስለሆነ ግን ንብረቱ ከአገር መውጣት የሚችለው ሁለቱ ከተሞች እህትማማች ከሆኑ ብቻ ነው። የምትሞላ ቅጽ ላከልን። ቅጹ ሲመጣ ጋሽ ሱጌቦ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «አራት» አሉ። «ለአበበች አንድ፣ ለአስቴር አንድ። ሁለት ይተርፋል።»

ቅጹን አብረን ሞላን። የሕዝብ ብዛት፣ የአየር ጠባይ፣ ዋና ዋና ሰብሎች። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ከተማችሁ ከሌሎች አገሮች ከተሞች ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት አላት ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ለመልስ የተተወችው ቦታ አንድ መስመር ናት።

«ጋሼ፣ ይቺን ባዶ እንተዋት» አልኩ። በኋላ የሰማነውን ሕግ አውቄ አይደለም። ስለ ሕጉ ምንም አላውቅም ነበር። ቶሎ ጨርሼ ለመሄድ ነው።

ቀና ብለው አዩኝ። ጋሽ ሱጌቦ በሠፈራቸው ሽማግሌ ሆነው ሴት ልጅ ለመጠየቅ የሚላኩ ሰው ናቸው። በእነሱ ዘንድ ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ዘር ይቆጥራል። የልጁ አባት እገሌ፣ አያቱ እገሌ፣ እናቱ ከእነ እገሌ ጎሳ፣ እህቱ ለእነ እገሌ ተድራለች ይላል። ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው እንኳ ሳይጠራ አይቀርም። ደሃ ዘመድ፣ እብድ ዘመድ፣ የታሰረ ዘመድ፣ ሁሉም ይጠራል።

«ዘመድ ደብቀሽ ያገባሽው ቤት አይሞቅም» አሉኝ። «እነዚህ ሰዎች እህት ልትሆኑን ነው ወይ እያሉን ነው። ታላቅ እህታችንን ደብቀን ነው የምንጀምረው? ጻፊ።»

በተጨማሪ ወረቀት ላይ አንድ ሙሉ ገጽ አስጻፉኝ። የቻይናዋ ከተማ መቼ እንደተዋወቀችን፣ ምን እንደሰጠችን፣ ወይዘሪት ሊን ምን ያህል ደግ ሰው እንደሆነች፣ ሁለቱ እህቶቻችን ወደፊት እንዲተዋወቁም እንደምንመኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝና በእንግሊዝኛ አሳምሬ ተረጎምኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፈረሙ።

መልሱ ሲመጣ ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። የዚያ ግዛት ምክር ቤት በቅርቡ ሕግ አውጥቷል። በሕጉ መሠረት የግዛቱ ከተሞች የአገሪቱ ባላንጣ ተብለው ከተዘረዘሩ አገሮች ከተሞች ጋር እህትማማች መሆን አይችሉም። ከእነዚህ ጋር ስምምነት ካላቸው የሌላ አገር ከተሞች ጋርም አይችሉም። ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን ይላል። ሐኪሙ ከበታቹ በአማርኛ «ምነው ዝም ብትሉ ኖሮ!» የሚል አክሎበታል።

ለጋሽ ሱጌቦ ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም።

«ባላንጣ ማን ነው? እኛ ነን?»

«ቻይና ነች ጋሼ።»

«ሊን?»

«አገሯ።»

«ታዲያ የእነሱ ጠብ ከእኛ ኩላሊት ጋር ምን አገናኘው?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሆሳዕና የት እንዳለች ቢጠየቁ አያውቁም። እንሰት የሚባል ተክል መኖሩንም አልሰሙ። ከሩቅ ሆነው በሁለት አገር መካከል መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ በእኛ አውቶቡስ፣ በአንድ ረድፍ ወንበር ላይ አለፈ።

ከንቲባው ጋሽ ሱጌቦን አስጠራቸው። እኔም አብሬ ገባሁ።

«ማን ጻፍ አለዎት?»

«ጠየቁኝ።»

«ሰው የጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል እንዴ አቶ ሱጌቦ?» ከንቲባው ጮኸ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የእሱም አክስት ኩላሊት ታማለች። «አሁን ለቻይናዎቹ የስምምነት ማቋረጫ ይጻፉ። ዛሬውኑ። ከተቋረጠ በኋላ እንደገና እንጠይቃቸዋለን።»

ጋሽ ሱጌቦ ሦስት ቀን ለመኑት። ሦስቱን ቀን ወረቀት ፊታቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አበበችን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ፣ በር ላይ ሆነው፣ ቆመው ጻፉት። ሁለት መስመር ናት። የማንም እናት ጉልበት አልተጠየቀባትም። መነጽራቸውን ሳያወልቁ ፈረሙ።

የቻይናዋ ከተማ መልስ ፈጥኖ መጣ። ጨዋ መልስ ነው፤ ተረድተናል፣ መልካም ዕድል እንመኝላችኋለን ይላል። ከሥሩ ወይዘሪት ሊን በራሷ ስም አንዲት መስመር ጨምራለች። «ባለቤትዎ ተሻላቸው?» ነው የምትለው። ሳነብላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። መልስ እንጻፍላት ብላቸው «በምን ዓይኔ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ካላንደር አልመጣም።

የመቋረጡን ማስረጃ በማኅተም አድርገን ላክን። በሚያዝያ ወር ከአሜሪካ ሁለተኛው መልስ መጣ። ሕጉ ያለፉትን አምስት ዓመታትም ያያል። ባለፉት አምስት ዓመታት ከተዘረዘሩት አገሮች ጋር ስምምነት የነበራት ከተማ አሁን ብታቋርጥም አይፈቀድላትም። ማሽኖቹ ለሌላ ከተማ ተሰጡ። እኔ የዚያን ቀን ጮኽኩባቸው። አፍሬበታለሁ፤ ግን ጮኽኩ። «ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? ቻይና ድረስ ሄደው ይጠይቁ ነበር?» አልኩ። እሳቸው ቀይ እስክሪብቶአቸውን ክዳኑን ከድነው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ።

«ሁለቱንም አጣን ሰሚራ» ብቻ አሉ።

በግንቦት እትዬ አበበችን መንገዱ አቃታቸው። አዲስ አበባ የሚያክማቸው ሐኪም አውቶቡስ ላይ ከሚሞቱ ቤታቸው ይሁኑ አለ። ልጠይቃቸው ሄድኩ። አብጠዋል፤ ሲናገሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጋሽ ሱጌቦ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው የሚስታቸውን እግር በእጃቸው ያሻሉ። የእትዬ አበበች እህት በር ላይ ቆማለች። ማሽኑ እንደቀረ ለሁለቱም የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«ሰሚራ፣ ያ ማሽን የት ደረሰ?» አሉኝ።

ጋሽ ሱጌቦ ቀደሙኝ።

«ጅቡቲ ደርሷል» አሉ። «ወደብ ላይ ነው።»

ዞሬ አየኋቸው። ያ ሰው፣ በወንድሙ ላይ የመሰከረው ሰው፣ አንድ መስመር ባዶ መተው ያቃተው ሰው፣ የሚስቱን እግር እያሻሸ ነው የዋሸው። እትዬ አበበች ፊታቸው በራ። «ጅቡቲማ ከደረሰ ቀረበ» አሉ። ዞር ብለውም «ለአስቴር ንገሯት፤ ትንሽ ትታገስ በሏት» አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ አረፉ። ያን ውሸት እኔ እስከ ዛሬ አልፈርድበትም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር፤ ደግሞ በበለጠ አሳምሬ።

ግን ውሸት በድንኳን ውስጥ አይታሰርም። እህታቸው ለቅሶ ላይ ማሽኑ ጅቡቲ ደርሶ ሳለ ሞት ቀደመሽ እያለች አለቀሰች። አልቃሽ ሁሉ ተቀበላት። ሐዘንተኛው ይህንን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ሰምቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ጋሽ ሱጌቦም ሰምተዋል፤ ሚስቱን የቀበረ ሰው ተነሥቶ ውሸት ነው ይበል? አቶ ሐንዲሶ ከሞርሲቶ መጥተው እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ሐዘኑ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ጋሽ ሱጌቦ ሀቢቾ ያለች ዘመዳቸውን ሊጠይቁ መናኸሪያ ሄዱ። ቦታ ይይዝላቸው የነበረው ረዳት አያቸው።

«ጋሼ፣ ነፍስ ይማር፣ አልሰማሁም ነበር» አላቸው። «የሞርሲቶው ሰውዬም እኮ ቀርቷል። እዚሁ ማሽን ሊገባ ነው፣ ጅቡቲ ደርሷል ብሎኝ ነው። ልጅቷም መንገዱ በጣም ሰልችቷት ነበር፤ ሁለት ሳምንት ታርፍ ብሎ ነው።»

ሀቢቾ አልሄዱም። ቢሮ መጡ። በሩ ላይ ሲቆሙ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

«ተነሺ ሰሚራ። ስዋሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ምስክር ነሽ። ልጅቷን ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ እናሳፍራት።»

በሚኒባስ ወደ ሞርሲቶ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩታል። ከዋናው መንገድ ወርደን በእግር ስንገባ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ድንኳን ተተክሎ አየን። ጋሽ ሱጌቦ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። አንዲት ሴት ስታልፍ ጠየቅናት። አስቴር ከትናንት ወዲያ ነው የተቀበረችው።

«እንመለስ ጋሼ» አልኩ። ክንዳቸውን ያዝኩ። አስለቀቁኝና ገቡ።

አቶ ሐንዲሶ ሲያዩአቸው ተነሡ። በትከሻቸው አቀፏቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንዲያ ተያይዘው ብዙ ቆዩ። የሚያጽናኑት አቶ ሐንዲሶ ነበሩ። «አንተም ገና በቅርብ ነው የቀበርከው፤ ለምን ደከምክ? ተቀመጥ» ይሏቸዋል። ወንበር ተሰጠን። አቶ ሐንዲሶ ለድንኳኑ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገሩ።

«ይህ ሰው ነው ለማሽኑ የደከመልን። ልጄ ለአንድ ሳምንት አልደረሰችም። ጌታ ያውቃል። ሲመጣ ለሌላው ልጅ ይሁን፤ እኔ ቅሬታ የለኝም።»

የተቀመጡት አሜን አሉ። አንድ ሽማግሌ ጋሽ ሱጌቦን «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ። ያን ጊዜ እጃቸውን ያዝኩ፤ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አውቄያለሁ። በእጄ ላይ ተደግፈው ተነሡ። በሀዲይኛ ነው የተናገሩት። እኔ ሀዲይኛ የማውቀው በገበያ ሰምቼ ነው፤ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። ማሽን የለም አሉ። ጅቡቲም የለም፣ መንገድም ላይ የለም፣ አይመጣም አሉ። በቅጹ ምክንያት እንደቀረ፣ ቅጹን የሞሉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ለሚስታቸው ሲሉ እንደዋሹ፣ ያ ውሸት እዚህ ቤት መድረሱን ዛሬ ጠዋት እንደሰሙ አንድ በአንድ ተናገሩ። ምንም አልደበቁም። የእኔንም ስም አልዘለሉም። ጨርሰው እንደ ቆሙ ቀሩ።

የአስቴር እናት ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ አየችን፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሰው ይጮኻል፣ ዱላ ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። ብትሩ ቢነሣ ይሻል ነበር።

አቶ ሐንዲሶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ቀና ሳይሉ፣ እኔም እንድሰማ ይሁን ወይም የገዛ ሰዎቻቸው ሁሉ እንዳይሰሙ አላውቅም፣ በአማርኛ ተናገሩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ሱጌቦ፣ እስካሁን ጌታ ወሰዳት ብዬ ነበር የተቀመጥኩት» አሉ። «አሁን እኔ ነኝ የገደልኳት ማለት ነው። ይህን ዛሬ ባትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ጋሽ ሱጌቦ ተመልሰው ተቀመጡ። በዚያው ወር ጡረታ ጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ በኖሩበት አንድ ዓመት ተኩል ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ያንኑ ነበር። «ምን ብዬ ልመልስለት ነበር ሰሚራ?» ይሉኛል። የደብዳቤን ነገር ሁሉ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ይህን ግን አላስተማሩኝም፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠኋቸውም።